ሚናው የደራሲው፣ ድምፁ የባለ ድምፁ

በ2017 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን እንደ ልማዴ ወደ ጋሞ ወረድኩ፡፡ የጋሞ ሰው የትም ቢበተን ለመስቀል አገሩ ይገባል፡፡ ሽሮ ሜዳ እግሩን ከጉድጓድ ከትቶ ዓመቱን ሙሉ መወርወሪያ ሲወረውር የከረመው ሸማኔ እንኳ ያጠራቀማትን ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል፡፡ እኔም ጨንቻ ከዘመዶቼ ጋር ዮ ማስቃላን አክብሬ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት አርባ ምንጭ አንድ ሌሊት አደርኩ፡፡

የዚያን ዕለት የልጅነት ጓደኛዬ ልጅ ሲቀላ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የሚታይ ሙዚቃዊ ቲያትር አለ፤ አብረን እንግባ» አለችኝ፡፡ የአራት ወር ሕፃን ታቅፋለች፡፡ እሷ ራሷ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ቲያትር መሪዋን ገጸ ባሕርይ ስትጫወት እንደነበር አውቃለሁ፡፡ አባቷ በኩራት ሲነግረኝ ከርሟል፡፡ ቡድኑ የግል ነው፤ ስሙን መጥቀስ ለዚህ ጽሑፍ ስለማይጠቅም ልተወው፡፡ ቲያትሩ የአንዲት የሸማኔ ልጅ ታሪክ ነው፡፡ በአርባ ምንጭ ብቻ ሳይሆን በጨንቻ፣ በሳውላ፣ በሶዶና በጂንካ እየተዘዋወረ ታይቷል፡፡ ለእኛ አገር መድረክ ሦስት ዓመት ረጅም ዕድሜ ነው፡፡

መጋረጃው ተከፈተ፡፡ አዲሲቱ መሪ ተዋናይት ቆንጆ ናት፤ አካሄዷም ንግግሯም ደህና ነው፡፡ ዘፈን ላይ ስትደርስ ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ፡፡ ድምፁ ከአፏ ሳይሆን ከድምፅ ማጉያው የሚመጣ ይመስላል፡፡ ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር ሕፃኑ ነቃና ወደ መድረኩ ሳይሆን ወደ እናቱ ፊት አንጋጦ ያይ ጀመር፡፡ ያኔ ልጂቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ የምዘፍነው እኮ እኔ ነኝ» አለችኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ነፍሰ ጡር ሆና ሆዷ ሲገፋ «አንቺ እረፊ» ተባለች፡፡ በቦታዋ ሌላ ልጅ ገባች፡፡ ያቺኛዋ ልጅ ግን ከፍ ያለውን ዜማ ማውጣት አቃታት፡፡ ቡድኑም «ለልምምድ እንዲረዳን ነው» ብሎ ቀድሞ የቀዳውን የልጂቱን ድምፅ ለሕዝብ ትዕይንት አዋለው፡፡ በፖስተሩ ላይ ስሟ የለም፡፡ ክፍያም የለም፡፡ አልፎ ተርፎም የእሷ ትዕይንቶች በስልክ ተቀርጸው ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል፤ እዚያም ስሟ የለም፡፡

ከአዳራሹ ስንወጣ የጠየቀችኝ ጥያቄ አጭር ነበር፡፡ «ጋሼ፣ ሕግ ተምረሃል፡፡ እኔ እዚህ ውስጥ የእኔ የምለው ነገር አለኝ? ወይስ የለኝም?»

የሕግ ባለሙያ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብለት «ውል አለሽ ወይ?» ብሎ መጀመር ይወዳል፡፡ እኔም እንዲያ ብዬ ጀመርኩ፡፡ ውል አልነበራትም፡፡ ብዙዎቹ ተዋንያኖቻችንም የላቸውም፡፡ ስለዚህ ለእሷ የነገርኳትን ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እነሆ ጻፍኩት፡፡

ሦስት የተለያዩ ነገሮች

በአንድ ሙዚቃዊ ቲያትር ውስጥ ተመልካች እንደ አንድ የሚያያቸው፣ ሕግ ግን የሚለያቸው ሦስት ነገሮች አሉ፡፡ አንደኛው ሥራው ነው፤ ድርሰቱ፣ ግጥሙ፣ ዜማው፡፡ ገጸ ባሕርይዋም የዚህ አካል ናት፡፡ የዚህ ባለቤት ደራሲውና የዜማው ደራሲ ናቸው፡፡ ሁለተኛው ትዕይንቱን ያሰናዳው ወገን ነው፤ አዳራሽ የተከራየ፣ ልብስ ያሰፋ፣ ገንዘብ ያወጣ፡፡ ሦስተኛው ክዋኔው ነው፡፡ ይኸውም ያቺ ተዋናይት በዚያች ምሽት በገዛ ድምፅዋና በገዛ አካሏ ለዚያች ገጸ ባሕርይ የሰጠቻት ሕይወት ነው፡፡

ለዚህ ከሁላችንም ጆሮ የማይጠፋ ምሳሌ አለ፡፡ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፡፡ በሬዲዮ የተረከው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፡፡ መጽሐፉን ሌላ ሰው ሊተርከው ይችላል፤ ደራሲው ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ የሚከለክል የለም፡፡ የወጋየሁን ድምፅ ግን ወስዶ በሌላ ሰው አፍ ላይ መግጠም ሌላ ነገር ነው፡፡ ቃሉ የሐዲስ ነው፤ ያ ማጉረምረም፣ ያ ትንፋሽ፣ ያ ዝምታ የወጋየሁ ነው፡፡

እንግዲህ ለልጂቱ የመጀመሪያው መልሴ የሚያስደስታት አልነበረም፡፡ «ልጄ፣ የሸማኔዋ ልጅ የአንቺ አይደለችም» አልኳት፡፡ አዘጋጁ ሚናውን ለሌላ መስጠት ይችላል፡፡ በምን ሁኔታና መቼ እንደሰጠው የሚነሳውን ጥያቄ በኋላ እንመለስበታለን፡፡ ሁለተኛው መልሴ ግን «ድምፅሽ የአንቺ ነው» የሚል ነበር፡፡

ሰላሳ አምስት ዓመት የዘለቀ መድረክ

ረጅም ዕድሜ ያለው ሙዚቃዊ ቲያትር በዓለም ላይ እንዴት እንደሚመራ ማየት ነገሩን ያጠራልናል፡፡ «የኦፔራው ጥላ» እንበለው፣ በእንግሊዝኛው «ዘ ፋንተም ኦቭ ዚ ኦፔራ» እ.ኤ.አ. በ1986 በለንደን ተከፈተ፡፡ ኒውዮርክ ብሮድዌይ የገባው እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1988 ሲሆን፣ የተዘጋው ሚያዝያ 16 ቀን 2023 ነው፡፡ በኒውዮርክ ብቻ 13,981 ጊዜ ታይቷል፡፡ የእኛ ቲያትሮች በተለምዶ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚታዩት፡፡ በዚያ አካሄድ ይህን ቁጥር ለመድረስ 269 ዓመት ገደማ ይፈጅብናል፡፡

በመጀመሪያ ጭምብሉን ያጠለቀው ማይክል ክሮፎርድ፣ የዘፋኟን የክሪስቲንን ሚና የያዘችው ሳራ ብራይትማን ነበሩ፡፡ ሁለቱም ከዓመታት በፊት ሄዱ፤ ቲያትሩ ግን ቀጠለ፡፡ በብሮድዌይ ይህን ጭምብል ብዙ ጊዜ ያጠለቀው ሃዋርድ ማክጊሊን 2,544 ጊዜ ተጫውቶታል፡፡ ያም ሆኖ ሚናው የእርሱ አልሆነም፡፡ በቃኝ ሲል ለተከታዩ አስረከበ፡፡

ይህ በዕድል የሆነ አይደለም፡፡ በሳምንት ስምንት ጊዜ ከሚታየው ትዕይንት የክሪስቲንን ሚና ዋናዋ ተዋናይት ስድስቱን፣ ተለዋጯ ሁለቱን እንድትጫወት ከመጀመሪያው ተደንግጎ ነበር፡፡ የሰው ጉሮሮ ብረት እንዳልሆነ ስለሚታወቅ ነው፡፡ ከእነሱ ጀርባ ደግሞ ሚናውን አጥንተው የሚጠባበቁ ተተኪዎች አሉ፡፡ ዋናዋ ብትታመም ወይም ብታረግዝ መጋረጃው በሰዓቱ ይከፈታል፤ የምትወጣዋም በራሷ ድምፅ ትዘፍናለች፡፡ የክሮፎርድና የብራይትማን ድምፅ ያለበት ሸክላና ሲዲ ዛሬም ይሸጣል፡፡ ተከታዮቻቸው ግን በዚያ ሸክላ ላይ አፋቸውን አንቀሳቅሰው አያውቁም፡፡

ሌላም ታሪክ አለ፡፡ ብራይትማን ያኔ የዜማው ደራሲ የአንድሩ ሎይድ ዌበር ባለቤት ነበረች፤ ሚናውም ለእሷ ድምፅ ተብሎ የተጻፈ ነው፡፡ ወደ ኒውዮርክ ትሂድ ሲባል ግን እ.ኤ.አ. በ1913 የተቋቋመው የአሜሪካ የመድረክ ተዋንያን ማኅበር «በአገራችን ተዋናይ ጠፍቶ ነው ወይ?» ብሎ አሻፈረኝ አለ፡፡ መጨረሻ ላይ የተስማሙት፣ ደራሲው በሚቀጥለው የለንደን ሥራው አንድ አሜሪካዊ ተዋናይ በመሪነት እንዲያሰልፍ ግዴታ ገብቶ ነው፡፡ ልብ በሉ፤ የዓለም ዝነኛ ደራሲ እንኳ የገዛ ሚስቱን በገዛ ድርሰቱ ለማሰለፍ ከተዋንያን ማኅበር ጋር መደራደር ነበረበት፡፡

ወደ እኛ ስንመለስ

የእኛ ቲያትር ከመነሻው ዜማ አልተለየውም፡፡ ዮፍታሔ ንጉሤ ድርሰቶቹን በግጥምና በዜማ ያለብስ ነበር፡፡ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ከቲያትሩ ጎን ለጎን የዘፈንና የውዝዋዜ መድረክ ነበር፤ ጥላሁን ገሠሠም ድምፁን ያሟሸው በዚያ ነው፡፡ በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣት ነውር ስለነበር የሴት ሚና የሚጫወተው ወንድ ነበር፡፡ ይህን ግንብ ከሰበሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት፤ ተዋናይትም ክራር ደርዳሪም ዘፋኝም ነበረች፡፡ ዛሬ ሙዚቃዊ ቲያትር የምንለው ነገር ከሚጠይቀው ውስጥ ምኑ ጎደላት?

በደርግ ዘመን ደግሞ ኪነት መጣ፡፡ ክፍለ ሀገሩ፣ አውራጃው፣ ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፡፡ ከወሎው ላሊበላ ኪነት እነ ማሪቱ ለገሰ ወጡ፡፡ በእኛም በጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በአርባ ምንጭ ልጅ ሆኜ የኪነት ትዕይንት ለማየት በአጥር ሾልኬ ገብቼ አውቃለሁ፡፡ የቀበሌው ኪነት ልጆች ሲበዛ ጎበዞች ነበሩ፤ የሚከፈላቸው ግን ጭብጨባ ነው፡፡ መድረክ ላይ መውጣት «የአብዮት ግዴታ» ስለነበር «ድምፄ የእኔ ነው» የሚል አልነበረም፤ ቢልም የሚሰማው አያገኝም፡፡

ከዚያ ዘመን የወረስነው አንድ ክፉ ልማድ አለ፡፡ መሪ ተዋናይን እንደ አምላክ እናመልካለን፤ እንደ ሠራተኛ ግን አናስበውም፡፡ ሰው «እገሌ ያለበት ቲያትር» ብሎ ነው የሚገባው፡፡ እገሌ ሲታመም ቲያትሩ ይታጠፋል፡፡ እገሌ ውጭ አገር ሲቀር ቲያትሩ ይሞታል፡፡ ተተኪ አይሠለጥንም፤ ምክንያቱም ለልምምዱ የሚከፍል የለም፡፡ በመንግሥት ቲያትር ቤቶች ያሉት ቢያንስ ወር ጠብቀው ደመወዝ ይቀበላሉ፡፡ እንደ አርባ ምንጭ ባለ ከተማ በግል ቡድን የሚሠሩት ግን የበር ገቢው ከአዳራሽ ኪራይና ከመኪና ተርፎ የደረሳቸውን ነው የሚካፈሉት፡፡

ሐላቃና ዝማሬ

የሚገርመኝ የጋሞ ሰው ይህን ነገር ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ማወቁ ነው፡፡ በደጋው ባህላችን ሐላቃ የሚባል ሹመት አለ፡፡ የሚሾመው ሰው ድግስ ደግሶ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ በዱቡሻው በሕዝብ ፊት ማዕረጉን ይቀበላል፡፡ ጊዜው ሲደርስ ለሌላው ያስረክባል፡፡ ሐላቃነት ይቀጥላል፤ ሐላቃው ይለወጣል፡፡ የቀድሞው ሐላቃ ግን ከሹመቱ ሲወርድ ባዶውን አይቀርም፡፡ ሐላቃ እንደነበር ይታወቅለታል፤ ይከበርበታል፡፡

ዝማሬያችንም እንዲሁ ነው፡፡ የዶርዜ ዝማሬ አንድ ሰው ብቻ የሚያቀነቅነውና ሌላው እንዳለ የሚደግመው አይደለም፡፡ መሪው ያነሳል፣ ሌሎቹ በየራሳቸው መስመር ይገቡበታል፣ ድምፅ በድምፅ ላይ እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋል፡፡ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ዝማሬ ቀርጾ በአገሩ በሸክላ አሳትሞታል፡፡ ዜማው የማንም ግለሰብ አይደለም፤ የሕዝብ ነው፡፡ በሸክላው ላይ የሚሰማው ድምፅ ግን የእነዚያ ሰዎች ነው፡፡ ያን ዕለት እነሱ ባይዘምሩ ሸክላው ባልኖረ፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይደነግጋል፡፡ በዚያ ውስጥ ደራሲው አለ፤ ተዋናዩና ዘፋኙ ግን በራሳቸው ስም የሉም፡፡ ይህን ክፍተት የሞላው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፡፡ አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል፡፡

አዋጁ ተዋናዩን፣ ዘፋኙን፣ ሙዚቀኛውንና ተወዛዋዡን «ከዋኝ» በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል፡፡ በአንቀጽ 26 ለከዋኝ የሚሰጠውን መብት በቀላል ቋንቋ ባስቀምጠው እንዲህ ነው፡፡ ከዋኙ ሳይፈቅድ ገና ያልተቀረጸ ክዋኔውን መቅረጽ አይቻልም፡፡ የተቀረጸውን ማባዛት፣ ማሰራጨትና ማከራየትም የእርሱን ፈቃድ ይሻል፡፡ ከገንዘብ ጥቅሙ በተለየ ደግሞ በድምፁ የከወነ ሰው የከወነው እርሱ መሆኑ እንዲገለጽለት፣ ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው እንዳይዛባበት የመጠየቅ መብት አለው፡፡ የክዋኔ ጥበቃ የሚቆየው ለ50 ዓመት ነው፡፡

አሁን ወደ ልጂቱ እንምጣ፡፡ «ለልምምድ ነው» ተብላ ድምፅዋ እንዲቀዳ ፈቅዳለች፡፡ ለልምምድ መፍቀድ ግን ትኬት ለተቆረጠበት ትዕይንት መፍቀድ አይደለም፡፡ ጎረቤትህ ለልጁ ሠርግ ያዋስከውን ድንኳን ለሌላ ቢያከራየው «ፈቅደህልኝ የለም ወይ?» ሊልህ አይችልም፡፡ ስሟ አለመነገሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ሁለተኛ በደል ነው፡፡ ለዚህ ነው ድምፅሽ የአንቺ ነው ያልኳት፡፡

በቪዲዮ ላይ ግን ተዋንያን በብርቱ መጠንቀቅ አለባቸው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የሮም ኮንቬንሽን አንድ ተዋናይ በፊልም ለመቀረጽ ከተስማማ በኋላ በዚያ ፊልም ላይ ያለውን ጥበቃ እንዲያጣ አድርጎ ነበር፡፡ ይህን ለማረም ዓለም የቤጂንግን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪፈራረም ድረስ 51 ዓመት ፈጅቷል፡፡ ስለዚህ ካሜራ ሲመጣ «እሺ» የምትለዋ ቃል ውድ ናት፡፡ ለምን፣ ለስንት ጊዜና በስንት ብር እንደሆነ ሳይታወቅ አትውጣ፡፡

ከሥራ ስለ መገለሏስ? እዚህ ላይ ጥያቄው ሠራተኛ ነበረች ወይ የሚለው ነው፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የሚለው በአሠሪ መሪነት ሥር ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ነው፡፡ ውሉ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በቃልም ይጸናል፡፡ ሠራተኛ ከሆነች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት አላት፡፡ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስም ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ውሏን ማቋረጥ አይቻልም፡፡ ነገር ግን ቡድኑ ገቢ የሚካፈል የጓደኛሞች ማኅበር ከሆነ፣ ወይም እሷ በየትዕይንቱ ተዋውላ የምትሠራ ከሆነ መልሱ ይለወጣል፡፡ በእሷ ጉዳይ ማስረጃው ለሁለቱም የሚጎተት ስለነበር «በዚህ በኩል አታሸንፊም አልልሽም፣ ታሸንፊያለሽም አልልሽም» አልኳት፡፡

ከመድረክ በፊት ወረቀት

መሪ ሚና ለሚይዝ ሰው ውል ላይ ምን ይጻፍ? አምስት ነገሮች በቂ ናቸው፤ ከአንድ ገጽ አይበልጡም፡፡

አንደኛ፣ ክፍያ፡፡ በትዕይንት ነው፣ በወር ነው ወይስ ከበር ገቢ በመቶኛ? የልምምድ ጊዜስ ይከፈልበታል? በመቶኛ ከሆነ ትኬቱን ማን ይቆጥራል?

ሁለተኛ፣ ቀረጻ፡፡ ድምፅም ሆነ ምስል ሲቀረጽ ለምን ዓላማ እንደሆነ ይጻፍ፡፡ ለልምምድ፣ ለማስታወቂያ፣ ለሽያጭ፣ ለኢንተርኔት የየራሳቸው መስመር ይኑራቸው፡፡

ሦስተኛ፣ ስም፡፡ በፖስተር፣ በመድረክ መክፈቻና በቪዲዮ ላይ የከዋኙ ስም እንዴት እንደሚገለጽ ይወሰን፡፡

አራተኛ፣ ተተኪ፡፡ መሪው ሲታመም፣ ስትወልድ ወይም ሲደክመው ማን ይገባል? ተተኪው ለልምምዱ ስንት ይከፈለዋል? ነባሩ የመመለስ መብት አለው?

አምስተኛ፣ መሰናበቻ፡፡ ከሁለቱ አንዱ በቃኝ ሲል ስንት ሳምንት ቀድሞ ይንገር? ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ምን ይሁን?

አንዳንድ አዘጋጆች «ይህን ሁሉ ከጻፍን ጥበቡ ይሞታል፤ በፍቅር ነው የምንሠራው» ይሉኛል፡፡ ፍቅር ባለበት ቤት ወረቀት ጌጥ ነው፤ ፍቅር ያለቀ ዕለት ግን ዳኛ ነው፡፡ ወረቀቱ የሚጠብቀውም ተዋናዩን ብቻ አይደለም፡፡ መሪ ተዋናዩ በትዕይንቱ ዋዜማ «ካልጨመራችሁልኝ አልወጣም» ሲል አዘጋጁም የሚይዘው ነገር ያገኛል፡፡ በእኔ እምነት በዚህ ረገድ ቀድመው ምሳሌ መሆን ያለባቸው አዲስ አበባ ያሉት የመንግሥት ቲያትር ቤቶች ናቸው፡፡ ለእያንዳንዱ መሪ ሚና ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን አንሥቶ ተተኪ ቢመድቡ፣ የክፍለ ሀገሩ ቡድን ደግሞ ከእነሱ ያያል፡፡

የነገሩ መጨረሻ

በማግሥቱ ጉዞዬን አንድ ቀን አራዘምኩና የቡድኑን ኃላፊ አገኘሁት፡፡ ሌባ አይደለም፡፡ ለመድረኩ ሲል ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ነው፡፡ «የቀጥታ ባንድ ለማቆም አቅም የለኝም፡፡ ያቺኛዋ ዜማውን አልቻለችም፡፡ አዳራሹ ደግሞ ተከፍሎበታል፤ ምን ላድርግ?» አለኝ፡፡ ስለ አዋጁ ነገርኩት፡፡ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል፡፡

ልጂቱ ፍርድ ቤት መሄድ አልፈለገችም፡፡ ከተማው ትንሽ ነው፤ ነገ ደግሞ መድረክ ትፈልጋለች፡፡ በአገራችን ወግ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፡፡ የጋሞ ሽማግሌዎች በ2011 ዓ.ም. እርጥብ ሳር ይዘው ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው ደም መፋሰስን ያስቀሩ መሆናቸውን አንባቢ ያስታውሳል፡፡ ለእነሱ የአንድ ቲያትር ጠብ ቀላል ነው፡፡ አንደኛው አዛውንት ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ፣ «ሹመት ማስረከብ ያለ ነው፡፡ ይህች ልጅ ሚናውን አስረክባለች፤ ድምፅዋን ግን መቼ አስረከበች?» አሉ፡፡ እኔ ግማሽ ሌሊት የገለጽኩትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፡፡

የተስማሙበትን እኔ ጻፍኩት፣ ሁለቱም ፈረሙ፡፡ ድምፅዋ በዋለባቸው ትዕይንቶች ሁሉ ድርሻዋ ተሰልቶ በሦስት ጊዜ ይከፈላታል፡፡ ቅጂው ከሁለት ወር በላይ አያገለግልም፡፡ እስከዚያ ድረስ መጋረጃው ሳይከፈት ስሟ ይነገራል፡፡ በእነዚያ ሁለት ወራት ደግሞ አዲሲቱን ልጅ እሷው ራሷ ዜማውን ታስጠናታለች፤ ለዚህም ይከፈላታል፡፡ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ያመጣችው ልጂቱ ናት፡፡ «እሷም እኮ አፏን ብቻ ማንቀሳቀስ ያሳፍራታል» ብላ፡፡

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም፡፡ ከሁለቱ ወር በኋላ ስደውልላት የመጀመሪያው ክፍያ ደርሷት ሁለተኛው ዘግይቶባታል፡፡ ኢንተርኔት ላይ ካሉት አራት ቪዲዮዎች ስሟ የተጻፈው በሁለቱ ላይ ብቻ ነው፡፡ አዲሲቱ ልጅ ግን ዘፍናለች፡፡ ዜማው ወደ እሷ ድምፅ ልክ ዝቅ ተደርጎላት ሦስቱን ዘፈኖች በራሷ ጉሮሮ ተወጥታቸዋለች፡፡

«አዳራሽ ነበርሽ?» አልኳት፡፡

«ነበርኩ እንጂ ጋሼ» አለችኝ፡፡ «ሕፃኑ እስከ መጨረሻው ተኛ፡፡»

ቸር ይግጠመን!